የተከፈለ ቀብድ፣ የተዘጋ ሱቅ

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ አበው። ይህ አባባል ለሐይቅ አካባቢ ሰው እንግዳ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የተጻፈው አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚሁ ወንጌል ቅጠሎች ላይ ከቅዱሱ ቃል ጎን የገዳሙን መጻሕፍትና ንዋያት የሚዘረዝር ጽሑፍ ሰፍሮ ይገኛል። የዚያን ዘመን አባቶች ንብረትን የሚጠብቀው ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ጽሑፍም መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ወደ ገዳሙ መግባት ለእኛ ለሴቶች የተፈቀደ ባይሆንም፣ ትምህርቱን ግን ወደየቤታችን ይዘን ብንገባ የሚከለክለን የለም።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ገዳሙ ታሪክ አይደለም። ስለ ጓዳችን ገንዘብ ነው። ዕቃ ሳንረከብ ገንዘብ ከከፈልን በኋላ ነጋዴው ቢከስር፣ ሱቁም ቢዘጋ ገንዘባችን የት ይደርሳል? መብታችንስ ምንድን ነው? የሚለውን ጥያቄ ከእናንተ ከአንባቢዎቻችን ጋር ለመመልከት እንወዳለን።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የሐይቅ እናት ልጇን ልትድር ተነሥታለች እንበል። ቁም ሳጥን፣ አልጋና ሶፋ ለማሠራት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ደሴ ትሄዳለች። ጠቅላላ ዋጋው 50,000 ብር ነው። ከዕቁብ የደረሳትን 20,000 ብር በቀብድ ትከፍላለች። “ከሦስት ሳምንት በኋላ ይምጡ፣ እናቴ” ትባላለች። በቀጠሮው ቀን መኪና ተከራይታ ስትደርስ ሱቁ ተዘግቷል። ጎረቤት ብትጠይቅ “ከስሮ ነው አሉ፣ ባንክም ይፈልገዋል” ይሏታል። የሠርጉ ቀን ተቆርጧል፤ ጠላው ተጠንስሷል፤ ገንዘቡ ግን የለም።

ይህች እናት ገንዘቧን የማስመለስ መብት አላት ወይ ቢባል፣ መልሱ አዎን ነው። ገንዘቧን በሙሉ ታገኛለች ወይ ቢባል ግን፣ መልሱ ያን ያህል ቀላል አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ነው ዛሬ ልናስረዳችሁ የምንፈልገው።

ቀድሞ የከፈለ ገዢ አበዳሪ ነው

አብዛኞቻችን ቀብድ ስንከፍል ዕቃውን የገዛን ይመስለናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1186 እንደሚለው፣ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ባለቤትነት ወደ ገዢው የሚተላለፈው ገዢው ዕቃውን በእጁ ባደረገበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዋጋውን ብንከፍልም እንኳ፣ ሶፋው ከነጋዴው መጋዘን እስካልወጣ ድረስ በሕግ ዓይን የነጋዴው ንብረት ነው። እኛ ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ የዕቃ ባለቤት ሳንሆን የገንዘብ ጠያቂ ነን። በግልጽ አነጋገር ለነጋዴው ያለ መያዣና ያለ ወለድ ገንዘብ አበድረነዋል ማለት ነው።

ነጋዴው ጤነኛ ሲሆን ይህ ልዩነት አይታወቅም። ዕቃው ይመጣል፣ እንረከባለን፣ ይረሳል። ነጋዴው በከሰረ ጊዜ ግን ልዩነቱ ይገለጣል። ባንኩ ሲያበድር ቤቱን ወይም መኪናውን በመያዣ ይዟል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ የሱቅ ውስጥ ሸቀጥ ሳይቀር በመያዣነት ተመዝግቦ ብድር እንዲወሰድበት መንገድ ከፍቷል። በመደርደሪያው ላይ የምናየው ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ ለባንክ የታሰረ ሊሆን ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኞች ደመወዝ ቅድሚያ አለው። የመንግሥት ግብርም አለ። ቀብድ የከፈለች እናት የምትቆመው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ መያዣ ከሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር በመጨረሻው ሰልፍ ላይ ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ይገባል። የነጋዴው ንብረት ተሸጦ፣ ባንኩና ሠራተኞቹ ድርሻቸውን ወስደው 300,000 ብር ተረፈ እንበል። በመጨረሻው ሰልፍ ላይ የቆሙት ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁት ገንዘብ ተደምሮ 1,200,000 ብር ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ብር 25 ሳንቲም ይደርሰዋል። 20,000 ብር የከፈለችው እናታችን 5,000 ብር ይዛ ትመለሳለች። ይህም ስሟ በመዝገብ ከገባ ነው። ማስረጃ የሌላት ግን 5,000ውንም አታገኝም።

በአገራችን የታየ ምሳሌ

ይህ ሁሉ የወረቀት ላይ ስጋት እንዳይመስላችሁ። በሞጆ ፋብሪካ አቋቁሞ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ በወንዞቻችን ስም የሰየማቸውን መኪኖች እየገጣጠመ ይሸጥ የነበረውን ሆላንድ ካርን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ኩባንያው በ2005 ዓ.ም. አካባቢ በኪሣራ ሲወድቅ፣ መኪና እንረከባለን ብለው ቅድሚያ ገንዘብ የከፈሉ ደንበኞች ገንዘብ ጠያቂዎች ሆነው ቀሩ። መኪና ሊነዱ የተነሡ ሰዎች የክስ መዝገብ ተከታታዮች ሆኑ።

በቤት ግዢም ተመሳሳይ ችግር ደርሷል። አክሰስ ሪል እስቴት ከሁለት ሺህ ከሚበልጡ ሰዎች ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ቤቶቹን በጊዜው ሳያስረክብ በመቅረቱ፣ ገዢዎች ኮሚቴ አቋቁመው ለዓመታት ተመላልሰዋል። ከእነዚህ መካከል ጎጆ እንቀልሳለን ብለው በሰው አገር ሠርተው ያጠራቀሙ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ነበሩ።

መኪናና ቤት የሀብታም ጉዳይ ነው፣ እኛን አይነካም የምትል አንባቢ ካለች ተሳስታለች። የሕጉ አሠራር ለመኪናም ለቁም ሳጥንም አንድ ነው። እንዲያውም የሚጎዳው ትንሹ ነው። ሀብታም ጠበቃ ያቆማል። ለደሃ እናት ግን 20,000 ብር የአንድ ዓመት ዕቁብ ነው።

ሕጉ የሰጠን መብት

ተስፋ ለማስቆረጥ ይህን አልጻፍንም። ሕጉ ለገዢ የሰጠው መብት ጥቂት አይደለም፤ የጎደለው በጊዜው የሚጠቀምበት ሰው ነው።

በመጀመሪያ የቀብድ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል። ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ባይፈጽም ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ለገዢ የተሰጠ ታላቅ ጋሻ ነው። ይሁን እንጂ በደረሰኙ ላይ “ቀብድ” የሚል ቃል ካልተጻፈ፣ ነጋዴው “የተቀበልሁት ቅድሚያ ክፍያ ነው እንጂ ቀብድ አይደለም” ብሎ ሊከራከር ይችላል። አንዲት ቃል የ20,000 ብርን ጥያቄ 40,000 ብር ታደርጋለች። እጥፉም ቢሆን ግን ነጋዴው ከከሰረ በኋላ የሚቆመው በዚያው ሰልፍ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። አዋጁ ነጋዴ ለሸጠው ዕቃና ለሰጠው አገልግሎት ደረሰኝ እንዲሰጥ አስገድዷል። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንዲችል ደንግጓል። በዚህ አዋጅ የተቋቋመው ባለሥልጣን ኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደገና ሲደራጁ፣ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል። በክልላችን አቤቱታ ለማቅረብ የቅርቡ በር የወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።

ሦስተኛው የወንጀል ሕጉ ነው። መክሰር ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ገበያ የጣለው ሐቀኛ ነጋዴ ወንጀለኛ አይባልም። ሱቁን እንደሚዘጋ እያወቀ፣ ዕቃ አመጣለሁ ብሎ አታሎ ገንዘብ የሰበሰበ ሰው ግን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በማታለል ሊጠየቅ ይችላል። ገንዘባችሁን እመልሳለሁ ብሎ ስንቅ የሌለው ቼክ የሰጣችሁ እንደሆነም ይኸው ሕግ ይቀጣዋል።

ነጋዴው ማን ነው?

ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ከዋጋው ይልቅ ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ሱቅ የግለሰብ ነው ወይስ የማኅበር?

የግለሰብ ነጋዴ ከሆነ ዕዳው ከራሱ ጋር ይሄዳል። ሱቁን ቢዘጋና ሌላ ቦታ ቢከፍት ዕዳው አይጠፋም። በስሙ ያለው ቤትና መኪናም ለዕዳው ሊጠየቅ ይችላል። በጠቅላላው ደንብ በውል ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ጥያቄ በይርጋ የሚታገደው በ10 ዓመት ነው። ስለዚህ “ሱቁ ከተዘጋ ምን አደርጋለሁ” ብሎ ደረሰኝ መጣል ስሕተት ነው።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን ዕዳው የማኅበሩ እንጂ በደንቡ የባለቤቶቹ አይደለም። ማኅበሩ ባዶ ከሆነ፣ ባለቤቱ ባማረ ቤት ቢኖርም ቤቱን መንካት አስቸጋሪ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። እንግዲህ በደረሰኙ ራስጌ ላይ ከስሙ ቀጥሎ “ኃላ/የተ/የግ/ማ” የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከማኅበሩ ጋር ውል እንደምታደርጉ ዕወቁ። መልካም ሰው መሆኑን ብታውቁም፣ ቀብዱን የሚቀበለው ማኅበሩ ነው።

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ምን ይደረጋል?

በትንንሽ ከተሞቻችን የሚከስር ነጋዴ ሁሉ ፍርድ ቤት አይሄድም። አብዛኛው በሩን ዘግቶ ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ነጋዴውን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ዕቃውን እንዲያስረክብ ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፋችሁ፣ ቀን ወስናችሁ፣ ቅጂውን አስቀርታችሁ ስጡት። በቀኑ ካልመለሰ ለወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ፤ ክሱንም ለፍርድ ቤት አቅርቡ። ከእናንተ ጋር ቀብድ የከፈሉ ሌሎች ሰዎች መኖራቸው አይቀርምና ፈልጉዋቸው። አሥር ሰው በአንድነት ሲያመለክት የሚሰማው ይበዛል፤ ወጪውም ይቀልላል።

ጉዳዩ በኪሣራ ሥርዓት ፍርድ ቤት ከቀረበ ግን መንገዱ ይለወጣል። ፍርድ ቤቱ የከሰረውን ነጋዴ ንብረት የሚጠብቅና የሚያጣራ ሰው ይሾማል። ከዚያ ወዲያ ነጋዴው ለወዳጁ ከፍሎ ሌላውን መተው አይችልም። እያንዳንዱ ገንዘብ ጠያቂም ለየብቻው ንብረት ማስያዙ ይቆምና ሁሉም ጥያቄውን ወደ አንድ መዝገብ ያመጣል። ማስታወቂያ ይወጣል፤ ቀን ይቆረጣል። በዚያ ቀን ውስጥ ስሟን፣ የምትጠይቀውን ገንዘብ ልክና ማስረጃዋን ያላስመዘገበች ሴት ክፍፍሉ ካለቀ በኋላ ብትመጣ “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይሆንባታል። ስለዚህ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቁጥር ጠይቁ፣ የተሾመው ንብረት ጠባቂ ማን እንደሆነ እወቁ፣ የደረሰኛችሁን ቅጂ ስጡ እንጂ ዋናውን አትስጡ።

አዲሱ የንግድ ሕግ ነጋዴው ወዲያው ከመፍረስ ይልቅ ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር ተስማምቶ ንግዱን መልሶ የሚያደራጅበትንም መንገድ አመልክቷል። ሱቁ በዚህ ሁኔታ ክፍት ሆኖ ብታዩ፣ “እየሠራ ነውና ዕቃዬን ይሰጠኛል” ብላችሁ አትቀመጡ። የቀድሞ ዕዳ በስምምነቱ መሠረት ሊቀነስ ወይም ጊዜው ሊራዘም ይችላልና፣ በዚህም ጊዜ ስማችሁ መመዝገቡን አረጋግጡ።

በጦርነትና በአደጋ ምክንያት የተዘጋ ሱቅስ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ በደሴ፣ በሐይቅና በኮምቦልቻ ብዙ ነጋዴ ንብረቱ ተዘርፎበታል። እንዲህ ባለ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ዕቃውን ማስረከብ ያልቻለ ነጋዴ ካሣ ላይጠየቅ ይችላል። ይህ ማለት ግን ዕቃ ያልሰጠበትን ገንዘብ የራሱ ያደርጋል ማለት አይደለም። የተጎዳ ነጋዴ ሲሆን በሽማግሌ ፊት ጊዜ ሰጥቶ፣ በየወሩ እንዲከፍል በጽሑፍ መስማማት ለሁለቱም ወገን ይበጃል። የአገራችን የሽምግልና ባሕል ለእንዲህ ያለው ቀን የተበጀ ነው።

ከዕቁባችን እንማር

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ፌርፓክ የሚባል ድርጅት ነበር። እናቶች ዓመቱን ሙሉ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይከፍሉና ለገና በዓል የምግብ ቅርጫትና የዕቃ መግዣ ኩፖን ይቀበሉ ነበር። በጥቅምት ወር 2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዓሉ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ድርጅቱ ወደቀ። ከ100,000 በላይ ቤተሰቦች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ ያገኙት ከከፈሉት ግማሹን ያህል ነው። በሕግና በሥርዓት በምትታወቅ አገር እንኳ ቀድሞ የከፈለ ሰው በሰልፉ መጨረሻ ቆሟል።

የፌርፓክ ነገር ዕቁባችንን ያስታውሰናል። ይሁንና ትልቅ ልዩነት አለ። የእኛ ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ከሁሉ በላይ ዕጣ የደረሳት ሴት ገንዘቡን ከመውሰዷ በፊት ዋስ ትጠራለች። በአንድ ሰፈር ውኃ የምትቀዳዋን፣ ልጇን ክርስትና ያነሣንላትን ጎረቤታችንን ዋስ ጥሪ እንላታለን። ያንኑ የዕቁብ ገንዘብ ይዘን ደሴ ስንደርስ ግን፣ ለማናውቀው ነጋዴ ያለ ዋስና ያለ ጽሑፍ እንሰጣለን! ለጎረቤት የጠነከረው ጥንቃቄያችን ለባዕድ ለምን ይላላል?

ዋስ ከነጋዴም መጠየቅ ነውር አይደለም። የገንዘቡ መጠን ከፍ ካለ በአካባቢው የታወቀ ሌላ ነጋዴ በውሉ ላይ እንዲፈርም ጠይቁ። ነገር ግን ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚዋስ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የገንዘቡ ልክ ያልተወሰነበት ዋስትና ዋጋ የለውምና።

ሳይዘጋ በፊት

“ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ” የሚለው የእናቶቻችን ተረት ለዚህ ነገር የተተረተ ይመስላል። ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ነው። ከዚያ በፊት በእጃችን ያሉት ጥንቃቄዎች እነዚህ ናቸው።

ዕቃው በሱቁ ካለ ከፍላችሁ ዛሬውኑ ውሰዱት። “እዚሁ ይቀመጥልኝ፣ ለሠርጉ ሰሞን እወስደዋለሁ” አትበሉ። የሚሠራ ዕቃ ከሆነ ቀብዱን በተቻለ መጠን አሳንሱ፤ የቀረውን ዕቃው ተሠርቶ ስታዩት፣ የመጨረሻውን ደግሞ ስትረከቡ ክፈሉ።

ደረሰኝ ተቀበሉ። በላዩም የነጋዴው ሙሉ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የዕቃው ዓይነትና መጠን፣ የማስረከቢያው ቀን፣ “ቀብድ” የሚለውም ቃል ይስፈር። ገንዘቡን በባንክ በኩል ብትልኩ፣ በደረሰኙ ላይ በተጻፈው ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይሁን፤ ለወንድሙ ወይም ለሠራተኛው ሒሳብ አትላኩ። የዋስትና ወረቀት ያለው ማቀዝቀዣ ወይም ምድጃ ስትገዙ የአስመጪውን ወይም የወኪሉን ስም ያዙ፤ ሱቁ ቢዘጋ የምትሄዱበት ሌላ በር ይሆናችኋልና።

የሱቁንም ሁኔታ አስተውሉ። መደርደሪያው እየሳሳ ቀብድ ተቀባይነቱ የበዛ፣ ቀጠሮ ደጋግሞ የሚያራዝም፣ ሙሉ ዋጋውን አስቀድማችሁ ከከፈላችሁ ብዙ እቀንስላችኋለሁ የሚል ነጋዴ የችግር ምልክት ይታይበታል። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ በቀድሞ ዋጋ ቀብድ ተቀብሎ ዕቃውን በአዲሱ ዋጋ መተካት ያቃተው ነጋዴ ቢኖር አያስገርምም። እንዲህ ያለው ነጋዴ የአንዷን ቀብድ ለሌላዋ ዕቃ መግዣ ማድረግ ሲጀምር፣ የመጨረሻዋ ከፋይ ባዶ እጇን ትቀራለች። ያች የመጨረሻዋ እንዳትሆኑ ተጠንቀቁ።

በመጨረሻም፣ ደረሰኞች የሚቀመጡበት አንድ ሣጥን በየቤታችሁ ይኑር። ባል ብቻ ወይም ሚስት ብቻ የሚያውቀው አይሁን፤ ሁለቱም ይወቁት። ብዙ መበለት ባሏ የከፈለውን ቀብድ ማስረጃ አጥታ መብቷን ትታለች። ደረሰኝ መጠየቅ ነጋዴውን መጠራጠር አይደለም፤ ሐቀኛ ነጋዴም ደስ ብሎት ይሰጣል። የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን መቀነታችሁ ውስጥ መልሱና ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ። ቀብዱ ከእጃችሁ ሳይወጣ የምትወስኑት ውሳኔ፣ ከወጣ በኋላ ፍርድ ቤት ከሚወስንላችሁ ይበልጣል።